አዳራሹ ወይስ ጎዳናው? የፓርቲ ጉባኤን ለሚተርክ ጸሐፊ

የፓርቲ ጉባኤን እንደ ልብ ወለድ ሕያው አድርጎ፣ ግን ሳይፈጥር መጻፍ የሚሻ ጋዜጠኛ የት ይቁም? በኦገስት 1968 እ.ኤ.አ. ቺካጎ የተካሄደው፣ የአሜሪካ ዴሞክራቶች የፕሬዚዳንት ዕጩ የመረጡበት ጉባኤ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ልዑካን፣ ጎዳናው ላይ የቬትናም ጦርነትን የሚቃወሙ ሰልፈኞች ነበሩ።

መግቢያ፦ አዳራሹ የይለፍ ወረቀት ይጠይቃል፤ ጎዳናው ጠንካራ ጫማ።

አደጋ፦ ጎዳናው ይብሳል። ኦገስት 28 ምሽት፣ በሚቺጋን ጎዳና፣ ፖሊስ ሰልፈኛውንም ጋዜጠኛውንም በዱላ ደብድቧል። አዳራሹም ቢሆን መጠለያ አልነበረም፤ የሲቢኤስ ቴሌቪዥኑ ጋዜጠኛ ዳን ራዘር እዚያው ወለሉ ላይ በጥበቃዎች ተመትቷል።

የሚጻፍ ነገር፦ አዳራሹ ፊቶችን ይሰጣል። ሴናተር ሪቢኮፍ ከመድረኩ የፖሊስን ድርጊት ከናዚ ጀርመን ምስጢራዊ ፖሊስ ከጌስታፖ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የቺካጎ ከንቲባ ዴሊ ከመቀመጫቸው ሲጮኹባቸው ያየ ጸሐፊ ትዕይንቱን ተዘጋጅቶ አግኝቶታል። ድርቅ ያለ ንግግርም መታገሥ አለበት፤ ሰዓታት ይፈጃል። ጎዳናው ግን ጭስ፣ ሩጫና ጩኸት ነው። ጉድለቱ? ዓይኑ በአስለቃሽ ጭስ የሚያነባ ሰው በዚያው ሌሊት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሁበርት ሀምፍሪ ዕጩ ሆነው ሲመረጡ አያይም።

የሥልጣንን አሠራር መግለጥ ለፈለገ አዳራሹ፣ ቁጣው ከየት እንደመጣ ለሚጠይቅ ጎዳናው ይሻላል። ጊዜ ለጠበበበት ደግሞ ሦስተኛ ቦታ አለ፤ እኔ ብሆን የምቆመው እዚያ ነበር፦ እዚያው ሚቺጋን ጎዳና ላይ፣ ኮንራድ ሂልተን ሆቴል። ሀምፍሪ ፎቅ ላይ፣ ዱላው በር ላይ።