ቡችላው ሲነክስ፦ የሚያኝከው መስጠት ወይስ ጥሎት መነሳት?

የኛ ቡችላ 3 ወር ሲሞላው የቤቱ ሰው እጅ በሙሉ ተቧጨረ። ክፋት አይደለም። 28ቱ የወተት ጥርሶች እየወለቁ በ42 ይተካሉ፤ እስከ 6 እና 7 ወር ድረስ ድዱ እረፍት አይሰጠውም።

ወጪ፦ ለማኘኩ አሻንጉሊት መግዛት ግድ አይደለም። አሮጌ ፎጣ ቋጥሮ፣ ውሃ ነክሮ ፍሪዘር ማስገባት ነው። የኛው ቀዝቃዛውን ፎጣ በሁለት እግሩ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያኝክ ሳየው አንጀቴን በላኝ። መነሳት ሳንቲም አያስወጣም፣ ትዕግስት ግን ይጨርሳል።

ቅለት፦ ፎጣ ማቀበል ልጅም ይችላል። መነሳት ከባድ ነው፤ ጥርሱ ቆዳ በነካ ቁጥር እጃችሁን ሳትመነጭቁ ዝም ብላችሁ ትነሳላችሁ፣ ለግማሽ ደቂቃ ፊት ትነሱታላችሁ፣ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ደግሞ ይነክሳል፣ ደግሞ ትነሳላችሁ። አንዱ ሲነሳ ሌላው እጁን እየሰጠ ካጫወተው ልፋቱ ገደል ገባ።

ስጋት፦ የተዋጠ ጨርቅ አንጀት ሊዘጋ ይችላል፣ እያያችሁት ያኝክ። የበሰለ አጥንት በፍጹም፤ ይሰነጠቃል። ልጆች ደግሞ እየሮጡ ከተነሱ ጨዋታ ይመስለውና ያባርራቸዋል።

ድዱ አስቸግሮት ያገኘውን ሁሉ ለሚያኝክ ፎጣው ይሻላል። በጨዋታ ሞቅ ሲለው ለሚነክስ መነሳቱ። ማታ ማታ የሚያብደው ግን ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ያጣ ነው፣ አስተኙት። መምታትን ከነጭራሹ አማራጭ ውስጥ አላስገባሁትም፣ እጅ የሚፈራ ውሻ ነው የሚያሳድገው። ቆዳ ከተበሳ ደግሞ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ገና ካልወሰደ።