አንኪ እና 2000 የጃፓንኛ ቃላት፦ ለአማርኛ ተናጋሪ ምን ያህል ይጠቅማል?

በአጭሩ ልጀምር። ጃፓንኛ መማር የምትፈልጉ፣ በተለይ እዚህ ጎንደር በአስጎብኚነት የምትሠሩ ወይም ልትገቡበት የምታስቡ፣ አንኪ የሚባለውን የማጥኛ ካርድ አፕ ከ2000 ቃላት የካርድ ስብስብ ጋር ስልካችሁ ላይ ጫኑት። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ቃሉንም ብቻውን ሳይሆን ከነዓረፍተ ነገሩ ያስይዛችኋል። አንድ ነገር ግን መቀየር አለባችሁ፤ ካርዱ ጀርባ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ። እሱን በአማርኛ ካልተካችሁት ትልቁ ጥቅሙ ያመልጣችኋል። ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ካርድ ያሳያችኋል፣ መልሱን በልባችሁ ትላላችሁ፣ ትገልጡታላችሁ። ከዚያ ጠፋኝ፣ ከበደኝ፣ አወቅሁት፣ ቀለለኝ ከሚሉት አራት ቁልፎች አንዱን ትነካላችሁ። ያወቃችሁትን ካርድ ከቀናት በኋላ ያመጣዋል፣ አሁንም ካወቃችሁት ከሳምንታት፣ ቀጥሎ ከወራት በኋላ። የጠፋችሁን ግን ወዲያው ይመልሰዋል። ልትረሱት ስትሉ እየመጣ ስለሚያስታውሳችሁ ነው ቃሉ የሚቆየው። የሸምዳጅነት ተሰጥኦ አይጠይቅም፤ በየቀኑ መክፈት ብቻ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ አንድሮይድ ላይ አንኪድሮይድ ይባላል፣ ነፃ ነው። ኮምፒውተር ላይም ነፃ ነው። አይፎን ላይ ግን 25 ዶላር ገደማ ያስከፍላል፤ ያውም ውጭ አገር መክፈል የሚችል ካርድ ላለው። አይፎን የያዛችሁ አንኪዌብ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ በነፃ ማጥናት ትችላላችሁ፣ ኢንተርኔት ይፈልጋል እንጂ።

አፑ ባዶውን ነው የሚመጣው። ካርዶቹን ወይ ራሳችሁ ታዘጋጃላችሁ ወይ ሌሎች ያዘጋጁትን ታወርዳላችሁ። እኔ የያዝኩት 2000 የተለመዱ ቃላት ያሉበት ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ቃል አንድ ምሳሌ ዓረፍተ ነገርና የጃፓናዊ ድምፅ አለው። ድምፁ በጣም ጥሩ ነው፤ ጥርት ያለ፣ የማይጣደፍ። መጠኑ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ አትሞክሩት፣ ዋይፋይ ፈልጉ። አንዴ ከወረደ በኋላ ኔትወርክ ኖረ አልኖረ ግድ የለውም፤ ለጎንደር ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ለምን በዓረፍተ ነገር? "ካኬሩ" የሚለውን ግስ ውሰዱ። የቃላት ዝርዝር ላይ ብታዩት መስቀል፣ መደወል፣ መቆለፍ፣ ማፍሰስ እያለ ፍቺው ይደረደራል፤ ያን ሁሉ ሸምድዶ አንዱንም መጠቀም የማይችል ሰው ብዙ ነው። በዓረፍተ ነገር ሲመጣ ግን "ዴንዋ ኦ ካኬሩ" ስልክ መደወል ነው፣ "ሜጋኔ ኦ ካኬሩ" መነጽር ማድረግ፣ "ካጊ ኦ ካኬሩ" ደግሞ በር መቆለፍ። ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል ታያላችሁ። ከዚያ በኋላ አፋችሁ ላይ የሚመጣው ጥንዱ ነው።

እንግሊዝኛውን አውጡት ያልኩበት ምክንያትም እዚሁ ላይ ነው። የጃፓንኛ ዓረፍተ ነገር እንደኛው ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። "ኮኖ ሺሮ ዋ ጁናና ሴይኪ ኒ ታቴራሬማሺታ" በሉ። ይህ ግንብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተሠራ። አንድ በአንድ አስተያዩት፣ ቅደም ተከተሉ አይዛነፍም። "ሚዙ ኦ ኖሚማስ" ላይ ያለችው "ኦ" ደግሞ "ውሃውን ጠጣሁ" ስንል የምትመጣውን "ን" ሥራ ነው የምትሠራው፤ እንደሷም ከስሙ በኋላ ነው የምትገባው። "ኪኖ ካታ ሆን" ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ ነው፤ እኛም እነሱም ገላጩን አስቀድመን ስሙን እናስከትላለን። በእንግሊዝኛ በኩል ስትሄዱ ዓረፍተ ነገሩን አንዴ ገልብጣችሁ፣ እንደገና መልሳችሁ ነው የምትረዱት። ምን አስለፋችሁ? አማርኛው ቀጥታ ያደርሳችኋል።

ቃላቱ ላይም እንደዚያው ነው። የእንግሊዝኛ ካርዶቹ ሸሚዝም፣ ጫማም፣ ባርኔጣም፣ መነጽርም ላይ "ዌር" ብለው ያልፋሉ። ጃፓኖች ግን ሸሚዝ "ኪሩ"፣ ጫማ "ሃኩ"፣ ባርኔጣ "ካቡሩ"፣ መነጽር "ካኬሩ" ነው የሚሉት። እኛስ? ሸሚዝ እንለብሳለን፣ ጫማ እንጫማለን፣ ባርኔጣ እንደፋለን፣ መነጽር እናደርጋለን። ልዩነቱን ድሮም እናውቀዋለን! ካርዱ ላይ "ደፋ" ብላችሁ ከጻፋችሁ "ካቡሩ" በአንድ ቀን ይገባል። ሱሪ ላይ ብቻ ተጠንቀቁ፤ እሱ ከጫማ ጋር ነው የሚሄደው፣ "ሃኩ" ነው የሚባለው። ይህንንም የሚያሳየው ዓረፍተ ነገሩ ነው። ቅዝቃዜ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሐምሌ ላይ ብርዱ ሲጠና "ሳሙይ" ትላላችሁ፣ ለቀዝቃዛ ውሃ ግን "ትሱሜታይ"። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ነው የሚጠራቸው፤ እኛ ግን "በረደኝ" እና "ቀዝቃዛ" ብለን ለይተናቸዋል።

አማርኛ የማያግዝበት ቦታም አለ። እኛ ሰውም አለ፣ መጽሐፍም አለ እንላለን። እነሱ ለሰውና ለእንስሳ "ኢሩ"፣ ለዕቃ "አሩ" ነው። "ኔኮ ጋ ኢሩ" ድመት አለ፣ "ሆን ጋ አሩ" መጽሐፍ አለ። እዚህ ላይ ካርዱ ጀርባ "አለ" ብላችሁ ብቻ ከተዋችሁት ትሳሳታላችሁ፤ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

በጣም የማሳስባችሁ ሌላ ነገር፦ ጃፓንኛውን በፊደላችን እየጻፋችሁ አታጥኑ። እኔ እዚህ በፊደል የጻፍኩት እንድታነቡት ብዬ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይለይም፤ "ገና" ተብሎ ሲጻፍ በዓሉ ይሁን "ገና ነው" የምንለው የምናውቀው ከአገባቡ ነው። ጃፓንኛም ይጠብቃል። ሲላላ "ኪቴ" ና ማለት ነው፣ ሲጠብቅ ቴምብር ይሆናል፤ በኛ ፊደል ሁለቱም አንድ ናቸው። አናባቢውም ይረዝማል፤ "ኦባሳን" ባጭሩ አክስት፣ "ባ" ስትረዝም አያት ናት። አንዲት ጎልማሳ ጎብኚ ፊት ቆማችሁ ይህን ማምታታት አትፈልጉም። ስለዚህ መጀመሪያ ሂራጋና የሚባለውን የጃፓንኛ ፊደል ያዙ። መሠረታዊዎቹ 46 ናቸው፤ ከሀ እስከ ፐ በሰባት ሰባት ድምፅ ለተማረ ሰው "ካ ኪ ኩ ኬ ኮ" ምኑም እንግዳ አይደለም።

ስብስቡ ላይ ያለኝን ቅሬታ ልናገር። የቃላቱ አመራረጥ ወደ ጋዜጣ ያደላል። ስለ ኢኮኖሚና ስለ ድርጅት የሚያወሩ ቃላት ገና ከመጀመሪያው ይመጣሉ፣ ዕለት ተዕለት የሚያስፈልገው ግን ወደ ኋላ ተገፍቷል። ያልፈለጋችሁትን ካርድ ማገድ ስለሚቻል አግዳችሁ እለፉ። ሌላው የአክብሮት ነገር ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገር ለጓደኛ የሚባል ነው፣ ቀጣዩ ለእንግዳ፤ እንግሊዝኛው ይህን አይነግራችሁም። አማርኛ ላይ "ብላ" እና "ይብሉ" ብላችሁ ለይታችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ለአስጎብኚ ደግሞ ይህ ነገር እንጀራው ነው።

ግንብ፣ ንጉሥ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ተራራ የሚሉትን በሚፈለገው መጠን አታገኙም። ለዚህ ታቶኤባ የሚባለውን ድረ ገጽ ተጠቀሙ። በብዙ ቋንቋ የተጻፉ ዓረፍተ ነገሮች ያሉበት ነፃ ማከማቻ ነው፤ ቃሉን ፈልጋችሁ ዓረፍተ ነገሩን ወደ አንኪ ትገለብጣላችሁ። ሁሉንም ግን አትመኑ። ከጃፓንኛው ብዙው መነሻው ፕሮፌሰር ያሱሂቶ ታናካ ከተማሪዎቻቸው ጋር የሰበሰቡት ክምችት ነው፣ ስሕተትም ነበረበት፤ እየታረመ ነው የመጣው። ጃፓንኛ አፍ መፍቻው የሆነ ሰው የጻፈውን ምረጡ።

ለፈተና የምታስቡ ካላችሁ፣ ጄኤልፒቲ የሚባለው የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና 5 ደረጃ አለው፣ ዝቅተኛው ኤን5 ነው። ንባብና ማዳመጥ እንጂ መናገር አይፈትንም። ለኛ ሥራ ግን መናገሩ ስለሆነ የሚበልጠው፣ ካርዱን ስትከፍቱ ድምፁን ተከትላችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት። ቤት ውስጥ ሰው ቢሰማችሁም በሉት።

ቅንብሩ ላይ አዲስ ካርድ በቀን 20 ተብሎ ነው የሚመጣው። ወደ 10 አውርዱት። በ20 ከቀጠላችሁ ክለሳው እየተጠራቀመ ከመቶ ያልፋል፤ ቱሪስት በሚበዛበት ሰሞን፣ ጥምቀት ሲቃረብ፣ ያን ለመጨረስ ጊዜ የላችሁም።

በቡድን የምትማሩ ከሆነ ሁላችሁም ዳታ አትጨርሱ። አንዱ ያውርድ፣ እንግሊዝኛውን ተካፍላችሁ በአማርኛ ተኩት፣ ከዚያ ስብስቡ እንዳለ አንድ ፋይል ሆኖ ይወጣል፤ በዜንደር ተላላኩት።