ትልቁ ዋላስ በኮፒ ወይስ ትንሹ በኦሪጅናል?

«የአዲስ ኪዳን ግሪክ ቋንቋን የመጀመሪያ መማሪያ መጽሐፍ ጨርሻለሁ፤ ቀጥሎ የትኛውን ልግዛ?» በዚህ ወር ብቻ አራት ጓደኞቼ ይህን ጠየቁኝ። የሁሉም መልስ አንድ ነው። ትንሹን ዋላስ፣ ማለትም የዳንኤል ዋላስን አጠር ያለ ሰዋስው ግዙ፣ ኦሪጅናሉን። እኔ ይህን ለማወቅ ብዙ ብር ከፍያለሁ።

የዳንኤል ዋላስ ትልቁ የአዲስ ኪዳን ግሪክ ሰዋስው የታተመው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ከ800 ገጽ በላይ ነው። አጠር ያለው በ2000 ወጣ፤ ከ300 ገጽ ጥቂት ያልፋል። እኔ «ትልቁ እያለ ትንሹን ምን ልሠራበት» ብዬ ጎንደር ማራኪ አካባቢ ትልቁን ኮፒ አስደረግሁ። ገጹ 3 ብር፣ ጠቅላላ 2,600 ገደማ። ማስጠረዣ 200። በጣም የረከሰልኝ መስሎኝ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ሙጫው ለቀቀ። መሃሉ ቅጠል በቅጠል ወጣ። ለሁለት ከፍዬ ስፓይራል አስገባሁት፣ ለእያንዳንዱ 180። ቀዳዳው ደግሞ የመስመሩን መጀመሪያ በላው። ደምሩት፦ 3,160 ብር። ትንሹን ኦሪጅናል፣ ያገለገለውን፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ በ2,400 ነው ያመጣልኝ። ሁለት ዓመት ሆነው፤ አንድም ገጽ አልወጣም።

ገንዘቡ ግን ትንሹ ጉዳት ነው። በግሪክ ከፊደል በላይና በታች ያሉ ጥቃቅን ምልክቶች ቃሉን ራሱን ይለውጣሉ። የ«ቡ»ን ቅጥያ ብታጠፉት «በ» ሆኖ እንደሚቀረው ማለት ነው። ኤፕሲሎንና ኒ የሚባሉት ሁለት ፊደላት በአንዱ ምልክት «ኤን» ሆነው «ውስጥ» ማለት ናቸው፤ በሌላው «ሄን» ሆነው «አንድ»። ዮሐንስ 10፥30 «እኔና አብ አንድ ነን» የሚለው በዚያች «ሄን» ነው። ኤታ የምትባለው ፊደል ብቻዋን ቆማ እንደ ምልክቷ «ወይም» ትሆናለች፣ «ይሁን» ትሆናለች፣ ወይም ከአንስታይ ስም ፊት ትቆማለች። የእኔ ኮፒ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር ነጥብ ሆነዋል። ይህን ይዞ ቅዱስ ቃል መፍታት ያስፈራል።

ትልቁ በይዘት እንደሚበልጥ አልክድም። በግእዝ ዘርፍ የምንለውን፣ በአማርኛ በ«የ» የምንገልጸውን፣ ግሪኩ በስሙ መድረሻ የሚያሳየውን፣ ዋላስ ከ30 በላይ አድርጎ ይከፋፍለዋል። 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥14ን ውሰዱ። «የክርስቶስ ፍቅር» ክርስቶስ እኛን የወደደበት ነው ወይስ እኛ እርሱን የምንወድበት? የአማርኛችን «የ» ራሱ ሁለቱንም ይሸከማል። ዋላስ እንዲህ ባለው ቦታ ሁለቱም ፍቺ አብሮ ሊታሰብ ይችላል ይላል። የላይ ቤትና የታች ቤት የመጻሕፍት ትርጓሜ ይሰጥበት በነበረው ጎንደር ላደገ ሰው ይህ ባዳ አይደለም፤ «አንድም» ስንል ኖረናል። በትልቁ ምሳሌውና ክርክሩ ሰፊ ነው። በትንሹ ምሳሌዎቹ ይቀንሳሉ፣ ክፍፍሉና ፍቺው ግን አለ። ምሳሌውን ከአዲስ ኪዳኑ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ማግኘት ትችላላችሁ፤ የጠፋ ምልክት ግን ከየትም አይመጣም።

የኮስተንበርገር፣ የመርክልና የፕላመር የ2016ቱ መጽሐፍስ? መልመጃና የንባብ ክፍል በውስጡ ስላለው ያለ መምህር ለሚያጠና ጥሩ ነው። ኦሪጅናሉን ትንሹ ባወጣው ዋጋ ካገኛችሁት አልከለክልም። እኔ እስካሁን በዚያ ዋጋ አላገኘሁትም። ለዋላስም ለብቻው የሚሸጥ የመልመጃ መጽሐፍ አለ፣ በ2007 የወጣ፤ እሱን ግን መጀመሪያ አትግዙ።

የግድ ኮፒ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት መሃሉን ግለጡ። በስልካችሁ ካሜራ አንድ የግሪክ መስመር አጉሉና ከአልፋ፣ ከኤታና ከኦሜጋ ሥር የምትጻፈውን ትንሿን ዮታ ፈልጉ። ካልታየች መልሱት። ትልቁን የምር የምትፈልጉ ደግሞ አራት ሆናችሁ አዋጡና አንድ ኦሪጅናል አስመጡ፤ በየሳምንቱ ተራ ትይዙበታላችሁ።