የሁለት ሳምንት ደመወዜን የፈለግሁበት ድረ ገጽ

እስከ ዛሬ የጻፍኩት ስለ ምግብ ቤትና ስለ ፀጉር ቤት ነው። ዛሬ ስለ አንድ የመንግሥት አገልግሎት ልጽፍ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን፣ በአጭሩ ኤፍኢሲ፣ የምርጫ ገንዘብ መዝገቡን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያስቀመጠበት ድረ ገጽ ነው። ነጻ ነው። ልመዝገብ ሳይሉ ከስልክ ይከፈታል። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልንገራችሁ። በ2024 ምርጫ ዋሽንግተን ዙሪያ ለምክር ቤት የሚወዳደር አንድ እጩ ዘንድ ሰባት ሳምንት ሠራሁ። ስሙንም ፓርቲውንም አልጠራም። ሥራው በር ማንኳኳት ነው። አበሻ የሚበዛባቸውን አፓርትመንቶች ይሰጡኛል፣ እኔ በአማርኛ አስረዳለሁ። በሰዓት 20 ዶላር፣ በሳምንት 32 ሰዓት። በተቆረጠ ሰዓት ቢሮ መገኘት ግዴታ ነው። ቲሸርቱም ታብሌቱም የእነሱ ነው። የትኛው ሕንፃ እንደምሄድ፣ ምን እንደምናገር፣ መቼ እንደማርፍ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

አምስቱን ሳምንት በቼክ ከፈሉኝ። በስድስተኛው ሳምንት አስተባባሪው መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ በመስኮት ነጭ ፖስታ ሰጠኝ። 32 ባለ ሃያ ኖት። ቆጠርኩት፣ ልክ 640 ዶላር ነው። በሰባተኛውም እንደዚያው። ያን ቀን ምንም አልጠረጠርኩም። እንዲያውም ባንክ መሄድ ቀረልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ጃንዋሪ ላይ ለተቀጣሪ የሚሰጠውን የደመወዝ ወረቀት፣ ደብሊው ቱን፣ ስጠብቅ በራሱ ለሚሠራ ሰው የሚሰጠው 1099 መጣልኝ። 3,200 ዶላር ይላል። ታክስ የምትሠራልኝ ልጅ ወረቀቱን አየችና ስለ ሥራው ጠየቀችኝ። ሰዓቱን፣ ቲሸርቱን፣ ታብሌቱን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የኔ እህት፣ አንቺ እኮ ተቀጣሪ ነበርሽ» አለችኝ።

ከዚያ ቁጥሩን አሳየችኝ። ተቀጣሪ ከሆንኩ ለጡረታው ሶሻል ሴኩሪቲና ለሕክምናው ሜዲኬር ከኔ የሚቆረጠው 7.65 ከመቶ ነው፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል። 1099 ከሆነ ግን ሁለቱም ድርሻ እኔ ላይ ይወድቃል። የሠራሁት በጠቅላላ 4,480 ዶላር ነው፤ ካሹንም ጨምሬ ነው ያስመዘገብኩት። በአንደኛው መንገድ 342 ዶላር ከ72 ሳንቲም እከፍላለሁ፣ በሌላው 633 ዶላር። ልዩነቱ 290 ዶላር ነው። ለኔ የአንድ ወር አስቤዛ ማለት ነው።

«እስቲ እነሱ ምን ብለው እንዳስመዘገቡሽ እንይ» ብላ ድረ ገጹን የከፈተችው እሷ ናት።

ስም ስትፈልጉ አንድ ነገር ልብ በሉ። የኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውም። በፓስፖርቴ አጻጻፍ አጣሁት። በሁለተኛው አጣሁት። አንድ ፊደል ደርበን ስንጽፈው መጣ። አምስት መስመር፣ እያንዳንዱ 640 ዶላር፣ ቀኑ ሁሉ ዓርብ፣ ምክንያቱ «የማማከር አገልግሎት»። ስሜን እዚያ ሳየው ልቤ ደነገጠ። ሰው ላብ አንጠፍጥፎ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ቆይቶ አማካሪ ተብሎ ሲመዘገብ ማየት ያማል።

የሁለቱ ፖስታ ገንዘብ ግን የለም። ደንቡን ያነበብኩት እዚያው ድረ ገጽ ላይ ነው፤ የእጩ የምርጫ ዘመቻ ኮሚቴ በአንድ ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ በጥሬ ገንዘብ መክፈል አይችልም፣ በቼክ ነው። ምናልባት የሚያስረዱት ነገር ይኖራቸው ይሆናል። ሁለት ጊዜ ጽፌ ጠይቄያለሁ፣ መልስ የለም። ስለዚህ ጥፋተኛ ናቸው አልልም። ያየሁትን ነው የምናገረው።

የዚህ አገልግሎት ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ለአንድ ተከፋይ በድምሩ ከ200 ዶላር ያለፈ ወጪ ለማን፣ መቼ፣ ለምን እንደተከፈለ ይታያል። ከ200 በላይ የሰጠ ሰው ስሙ፣ ሥራውና አሠሪው ይወጣል። የቀድሞውን የኒውዮርክ የምክር ቤት አባል ጆርጅ ሳንቶስን ታስታውሳላችሁ? ጋዜጠኞች ሪፖርቶቹ ውስጥ 199.99 ዶላር የሚል ወጪ ተደጋግሞ ያገኙት ይህንኑ መዝገብ ሲያገላብጡ ነው። ደረሰኝ መያዝ ግዴታ የሚሆነው ከ200 ሲያልፍ ነው።

ለኛ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። እኛ ለለቅሶም ለሠርግም ማዋጣት ለምደናል። ለእጩ ግን ከአሥር ሰው ሰብስቦ አንዱ በስሙ ቼክ ቢጽፍ ሕግ መጣስ ነው። ሁሉም በየራሱ ስም ይስጥ። ግሪን ካርድ ያለው መስጠት ይችላል። የሥራ ፈቃድ ብቻ ያለው ግን አይችልም፤ በነጻ ማገልገል ነው የሚችለው።

ድረ ገጹ የማያሳየው ነገር የደመወዝ ታክስን ነው። የኒውዮርክ ስታተን አይላንዱን የቀድሞ የምክር ቤት አባል የማይክል ግሪምን ነገር ያነበብኩት በዚህ ሰበብ ነው። መጀመሪያ ሲመረመር የነበረው በምርጫ ገንዘብ አሰባሰቡ ነበር። በ2014 የተከሰሰው ግን ማንሃተን በነበረው ሬስቶራንቱ ነው፤ ገቢ ደብቆ፣ ሠራተኞቹን ከመዝገብ ውጪ በካሽ እየከፈለ። ክሱ ተንጠልጥሎ ኖቬምበር ላይ እንደገና ተመረጠ። ዲሴምበር ላይ በአንድ የታክስ ማጭበርበር ክስ ጥፋቱን አመነ። ስምንት ወር ተፈረደበት። በ2025 በፕሬዝዳንት ትራምፕ ምሕረት ተደረገለት። እኔም ወጥ ቤት ሠርቼ በካሽ የተከፈልኩባቸው ዓመታት አሉ። ያ ገንዘብ ሶሻል ሴኩሪቲዬ ላይ አንድም ነጥብ አልጨመረም። ለጡረታ 40 ነጥብ ሲያስፈልግ ነው ሰው የሚነቃው።

አንዱን ኮከብ የቀነስኩት ለምንድን ነው? አቤቱታ ማስገባት ይቻላል፣ ግን በጽሑፍ፣ በመሐላና በኖተሪ ነው። ለመወሰን ከስድስት ኮሚሽነሮች የአራቱ ድምፅ ያስፈልጋል፣ ከሜይ 2025 ጀምሮ ደግሞ አራት ሰው እንኳ አጥተው ነበር። መዝገቡ ይታያል፣ የዳኛው ወንበር ግን ባዶ ነበር። ያ ያበሳጫል። ለከተማና ለስቴት ምርጫም አይሠራም፣ ያ ሌላ ቦታ ነው።

የኔን ጉዳይ በታክስ መሥሪያ ቤቱ በኩል ይዤዋለሁ። ተቀጣሪ ነበርኩ ወይስ አልነበርኩም የሚለውን እንዲወስኑ ኤስኤስ-8 የሚባለውን ፎርም ላክሁ፣ በነጻ ነው። ታክሴን ደግሞ በፎርም 8919 የራሴን ድርሻ ብቻ ከፈልኩ። አሠሪውን ስለሚጠይቁት በስውር አይሆንም፣ ይህን አውቃችሁ ግቡበት። መልሱ ቢያንስ ስድስት ወር ይፈጃል።

ባለፈው ማክሰኞ ያስተካከሉት እንደሆነ ብዬ መዝገቡን እንደገና ከፈትኩት። አምስቱ ዓርቦች አሉ። 1,280 ዶላሩ አሁንም የለም።