ለጃርዲያ ሜትሮኒዳዞል ወይስ ቲኒዳዞል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የሰገራ ውጤቱ «ጃርዲያ» (ተቅማጥ የሚያመጣ የአንጀት ጥገኛ) ካለ ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚያዘው ከሁለቱ አንዱን ነው።

በአሠራር ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም ሲዋጡ ገና አልነቁም። ጃርዲያ ኦክስጅን በሌለበት ስለሚኖር ኃይል የሚያመነጨው ፌሬዶክሲን በሚባሉ ኤሌክትሮን አቀባይ ፕሮቲኖች እየታገዘ ነው። እነዚሁ ፕሮቲኖች ለመድኃኒቱ ኤሌክትሮን ሲሰጡት ወደ መርዝ ይለወጥና የጥገኛውን ዲኤንኤ ይሰባብራል። ጥገኛው ይህን መንገድ ካዳከመ መድኃኒቱ ሳይነቃ ይቀራል። ስለዚህ አንዱ እምቢ ሲል ወደ ሌላው መዝለል ብዙም አያዋጣም፤ ቱቡሊን የሚባል ሌላ የጥገኛውን ፕሮቲን የሚያጠቃው አልቤንዳዞል የተሻለ አማራጭ ነው።

ልዩነታቸው አወሳሰዱ ላይ ነው። ሜትሮኒዳዞል ለአዋቂ 250 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን ይወሰዳል። ችግሩ ተቅማጡ ሲቆም ኪኒኑም አብሮ መቆሙ ነው። ቲኒዳዞል 2 ግራም (ባለ 500 ከሆነ 4 ፍሬ) አንዴ፣ ከምግብ ጋር ይዋጣል፤ ደም ውስጥም ይበልጥ ይቆያል። ለአዋቂ እሱን እንመርጣለን።

የብረት ጣዕሙ የሁለቱም ነው። መድኃኒቱን ሲወስዱም ሆነ ከጨረሱ በኋላ እስከ 3 ቀን ጠላም አረቄም አይጠጣ። በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ቲኒዳዞል አይወሰድም፤ ሜትሮኒዳዞልም ቢሆን ያለ ሐኪም ውሳኔ አይጀመርም።