በደሴ በ«ነፃ የንግድ ስምምነት» ስም የሚሰጥ የውጭ ሥራ ፈቃድ የማማከር አገልግሎት፦ የአንድ ደንበኛ ግምገማ

ባለፈው ክረምት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ የማማከርና የጉዳይ ማስፈጸም ቢሮ የሁለት ዘመዶቼን ጉዳይ ይዤ ሄጄ ነበር። አንደኛው በኮምቦልቻው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ሁለት ዓመት ሙሉ ቋሚ ሥራ ያጣው የእህቴ ልጅ ነው። ሁለተኛዋ የሒሳብ አያያዝ ዲግሪዋን እዚሁ አገር ካገኘች በኋላ ካናዳ ሄዳ ዜግነት የወሰደችው የወንድሜ ልጅ ናት። ይኸው አንድ ቢሮ ለእሷ እጅግ ጥሩ፣ ለእሱ ግን ፈጽሞ የማይረባ አገልግሎት ስለሰጠ፣ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ በዝርዝር መጻፍ ተገቢ ሆኖ አገኘሁት። የቢሮውን ስም አልጠቅስም።

በመጀመሪያ የሚመሰገነውን ላስቀድም። የወንድሜ ልጅ አንድ የአሜሪካ ድርጅት ሊቀጥራት ፈልጎ ነበር፤ መንገዱም «ቲኤን» የሚባለው ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ1994 ሥራ ላይ በዋለው የሰሜን አሜሪካ ነፃ የንግድ ስምምነት ተጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2020 ጀምሮ በተካው የአሜሪካ፣ የሜክሲኮና የካናዳ ስምምነት የቀጠለ ሲሆን፣ በስምምነቱ ዝርዝር ውስጥ ሙያቸው የተጠቀሰ የካናዳና የሜክሲኮ ዜጎች አሜሪካ ውስጥ በአንድ ጊዜ እስከ 3 ዓመት እንዲሠሩ ያስችላል። የካናዳ ዜጋ አስቀድሞ ኤምባሲ ቪዛ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ የዜግነት ማስረጃውን፣ የትምህርት ማስረጃውንና የሥራውን ዓይነት፣ የቆይታውን ጊዜና ክፍያውን የሚገልጽ የአሠሪውን ደብዳቤ ይዞ ወደ አሜሪካ በሚገባበት በር ላይ ያመለክታል። እንግዲህ የእሷ ችግር ከሁሉም ቀላል የሚመስለው የትምህርት ማስረጃው ነበር። ቢሮው ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሰው ልኮ ትራንስክሪፕቷን በታሸገ ፖስታ አስወጣ፤ ዲግሪዋን በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶችና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስረጋግጦ በሦስት ሳምንት ውስጥ አስረከበኝ። ለእያንዳንዱ ክፍያ ደረሰኝ ሰጥተውኛል፤ በስሟ አጻጻፍ ላይ የነበረውን የአንድ ፊደል ልዩነት እንኳ እኛ ሳናየው አይተው አስታረሙ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አዲስ አበባ ድረስ ተመላልሼም አላገኘሁም።

በዚህ ተደስቼ ሳለ ነው የእህቴን ልጅ ይዤ የተመለስኩት። በቢሮው ግድግዳ ላይ «በነፃ የንግድ ስምምነት የውጭ አገር የሥራ ፈቃድ እናስጨርሳለን» የሚል ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ከሥሩም የካናዳ፣ የአሜሪካና የሩዋንዳ ባንዲራዎች አሉ። ያስተናገደችንን ልጅ ይህ ለኢትዮጵያዊም ይሠራ እንደሆነ ስጠይቃት «አዎ ጋሼ፣ ኢትዮጵያም የአፍሪካውን ስምምነት ፈርማለች እኮ» አለችኝ። በንግግሯ ውስጥ ተንኮል አላየሁም፤ የተነገራትን ነው የነገረችኝ። የአገልግሎት ክፍያው 18 ሺህ ብር ሲሆን፣ ግማሹን በዚያው ቀን ከፈልን።

ስህተቱ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት ላብራራ። በንግድ ስምምነት የሚገኝ የሥራ ፈቃድ ለማንኛውም ሙያተኛ የተከፈተ በር ሳይሆን፣ ስምምነቱን የፈረሙት አገሮች አንዱ ለሌላው ዜጋ የሚሰጡት መብት ነው። በካናዳ በቋሚ ነዋሪነት ብቻ የሚኖር ሰው እንኳ «ቲኤን» አያገኝም። አሜሪካ ከቺሊና ከሲንጋፖር ጋር ያደረገቻቸው ስምምነቶች እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ላይ ሲውሉ፣ በየዓመቱ ለቺሊ ዜጎች 1,400፣ ለሲንጋፖር ዜጎች 5,400 ቦታ ተመደበ፤ ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ የቱንም ያህል ብቁ ቢሆን ከዚያ ውስጥ አንዲቱንም ሊጠይቅ አይችልም። የአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት ደግሞ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ኪጋሊ ላይ ተፈርሞ በግንቦት 2019 በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም አጽድቃዋለች። ሆኖም በውስጡ ያለው የአገልግሎት ንግድ ፕሮቶኮል የሚመለከተው አገልግሎት ለመስጠት ለጊዜው ድንበር የሚሻገርን ባለሙያ እንጂ ሥራ ፈልጎ የሚሄድን ሰው አይደለም። ሰው በነፃነት ተንቀሳቅሶ እንዲኖርና እንዲሠራ የሚፈቅደው ሌላ፣ ራሱን የቻለ የአፍሪካ ኅብረት ፕሮቶኮል ነው፤ እሱም በሥራ ላይ እንዲውል 15 አገሮች ሊያጸድቁት ይገባ ነበር፤ ያጸደቁት ግን ጥቂት ናቸው። ማስታወቂያው እነዚህን ሁለት ሰነዶች አንድ አድርጎ ነው የሸጠልን።

ከክፍያው ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትንና የሥራ ፈቃድ ክፍያን አሠሪው እንዲሸፍን ይደነግጋል፤ ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የልደት የምስክር ወረቀት ያሉትን ነው። በውላችን ላይ ግን «የሥራ ፈቃድ ማስፈጸሚያ» የሚል ርዕስ ተጽፎ ገንዘቡ ከልጁ ይጠየቃል። ይህን ለኃላፊው ሳሳየው «እኛ ኤጀንሲ አይደለንም፣ የምናማክር ነን» ብሎ መለሰልኝ። አማካሪ ከሆኑ ደግሞ ምክራቸው እውነት መሆን ነበረበት፤ ለአንድ ሥራ አጥ ወጣት ትክክለኛው ምክር «ይህ መንገድ ለአንተ አልተከፈተም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ያንንም በመጀመሪያው ቀን፣ ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት ሊነግሩት ይገባ ነበር።

ይህን ያህል የምቆረቆረው ለ9 ሺህ ብር ብቻ አይደለም። በእኛ አካባቢ ልጆች በሕጋዊው መንገድ ተስፋ ሲቆርጡ ወዴት እንደሚሄዱ ሁላችንም እናውቃለን፤ በባቲ አድርገው ወደ አፋር ወርደው፣ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ነው። ከጎረቤቶቼ ቤት በዚህ መንገድ ወጥተው ድምፃቸው የጠፋ አሉ። የእህቴ ልጅ አራት ወር የጠበቀው ፈቃድ ከመጀመሪያውም ያልነበረ መሆኑን በሰማ ዕለት ማታ እራቱን ሳይበላ ተነሥቶ ሲወጣ፣ እናቱ በር ላይ ቆማ እስኪመለስ የጠበቀችውን ሰዓት አልረሳውም።

ቅሬታዬን በጽሑፍ ካስገባሁ በኋላ ቢሮው ከከፈልነው ውስጥ 6 ሺህ ብሩን መልሷል፤ የቀረውን ለሰነድ ማረጋገጫ እንዳወጣው ደረሰኝ አቅርቧል፤ ደረሰኙም ትክክል ነው። የተረጋገጠው ዲግሪና ትራንስክሪፕት ልጁ ለሌላ ቦታ ሲያመለክት ይጠቅመዋልና በዚህ በኩል አልተጎዳንም። ስለዚህ ዲግሪውን ለማስረጋገጥ ወይም የጠፋ ሰነድ ለማስወጣት ለሚፈልግ ሰው ይህን ቢሮ ያለ ማመንታት አመለክታለሁ። በንግድ ስምምነት የሥራ ፈቃድ እናስጨርሳለን የሚለውን አገልግሎት ግን የስምምነቱ አባል አገር ፓስፖርት በእጁ የሌለ ሰው እንዳይገዛ እመክራለሁ።

የሞላነው የምዝገባ ቅጽ ወደ ዓረብ አገር ለሚሄዱ የቤት ሠራተኞች ከተዘጋጀው የተቀዳ በመሆኑ ቁመትን፣ ክብደትንና ሃይማኖትን ይጠይቃል፤ ነገሩ ሁሉ የሚወሰንበትን ዜግነትን ግን አይጠይቅም ነበር። ይህንንም በቅሬታዬ ውስጥ ጽፌው ነበር። ባለፈው ሳምንት ገንዘቡን ልቀበል ስሄድ ቅጹ እንደገና ታትሞ፣ ከስም ቀጥሎ «ዜግነት» የሚል መስመር ተጨምሮበት አየሁ። የግድግዳው ማስታወቂያ ግን ባንዲራዎቹን እንደያዘ እዚያው አለ።