አባይ በረሃ በካያክ፦ ጋይዱ አንደኛ፣ የሚጠጣውን ውሃ ግን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ

እኛ ጎጃሞች አባይ በረሃን የምናውቀው በአውቶብስ መስኮት ነው። ከማርቆስ አዲስ አበባ ስንመላለስ ደጀንን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር ግማሹ ሰው ይተኛል፣ ግማሹ ፌስታል ይይዛል፣ ረዳቱ መስኮት ክፈቱ ዝጉ ይላል፣ ዝንጀሮዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሙዝ ይጠብቃሉ፣ ድልድዩ ላይ ስንደርስ አንዴ ወደ ታች አየት ይደረግና ዳገቱ ይጀመራል፣ አለቀ። እኔ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ያንን ውሃ በእጄ ነክቼው አላውቅም። ታናሽ ወንድሜ "ሙሉ ቀን በካያክ፣ አባይ በረሃ፣ ከጋይድ ጋር፣ 3,500 ብር" የሚል ማስታወቂያ ስልኩ ላይ ሲያሳየኝ (ካያክ ማለት በመቅዘፊያ የሚነዳ ትንሽ ጀልባ ነው) መጀመሪያ ሳቅኩበት፣ ከዛ ጥር መጨረሻ ላይ ተመዝግበን አረፍን።

የአዘጋጆቹን ስም አልጽፍም። ያለኝን ወቀሳ በስልክ ለራሳቸው ነግሬያለሁ፣ ይስሙ አይስሙ የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ እዚህ የምጽፈው እናንተ ከማንም ጋር ብትሄዱ ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ነው።

ሌሊት 10 ሰዓት ከማርቆስ በአባዱላ ተነሳን፣ ስምንት ተጓዥ ሁለት ጋይድ። ደጀን ስንደርስ ገና ሊነጋጋ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እኔ ሹራብ ላይ ጋቢ ደርቤ ሻይ በዳቦ እየበላሁ ነው። እስከዚህ ሁሉም ጥሩ። ከዛ መኪናው በጥርጊያ መንገድ ወደ ገደሉ አፋፍ ወስዶን ቆመ፣ ወርደን ስናይ ሦስት አህዮች ከነባለቤታቸው ይጠብቁናል። ዋናው ጋይድ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ "እንግዲህ ከዚህ በእግር ነው" አለ። ስንት ሰዓት? "ያው ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ቁልቁለት ስለሆነ አይከብድም።" ማስታወቂያው ላይ ስለ እግር መንገድ አንዲት ቃል የለችም እኮ! ሳስበው ሌላ አማራጭ እንደሌላቸው ይገባኛል፣ ከላይ ተነስቶ ድልድዩ ድረስ ለመቅዘፍ የግድ በእግር ወርዶ ውሃው ጋ መድረስ ነው፣ በዛ በኩል መኪና አይወርድም፣ ግን ንገሩና። ከኛ ጋር የነበረች አንዲት ልጅ ክፍት ጫማ አድርጋ ነው የመጣችው፣ ግማሽ መንገድ ላይ የጫማዋ ማሰሪያ ተበጥሶ የወንድሜን ትርፍ ካልሲ ደርባ ወረደች።

አህዮቹ የጫኑት ካያኮቹን ነው። ካያክ ሲባል እኔ የፕላስቲክ ጀልባ ነበር የጠበቅኩት፣ እነዚህ ግን በአየር የሚነፉ ናቸው፣ ተጠቅልለው እንደ ጆንያ ይጫናሉ። የአህዮቹ ባለቤት ሸምገል ያሉ ሰውዬ ናቸው፣ መንገዱን ሙሉ ሲያዩን ሲያዩን ቆይተው "ልጆቼ፣ ይሄን ላስቲክ ነፍታችሁ ውሃ ላይ ልትቀመጡ ነው? ምነው፣ መሬቱ ጠበባችሁ?" አሉን። ወንድሜ "አባባ፣ መዝናናት ነው" ቢላቸው "እህ፣ እኛ እኮ አባይን የምንሻገረው ጉዳይ ሲኖረን ነበር" ብለው አህያቸውን ነዱ።

ቁልቁለቱን ግን ተገድጄም ቢሆን ወደድኩት። ከአፋፉ እስከ ውሃው ከ1,300 ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት፣ ጋቢ ያስደረበኝ ብርድ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጠፋ፣ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ሹራብ ወገቤ ላይ ታስሯል፣ ሦስተኛው ላይ ላቤ አይኔ ውስጥ ይገባል። ድንጋዩም አብሮ ይለዋወጣል፣ ላይ ጥቁር ነው፣ የእሳተ ጎመራ፣ ወረድ ሲባል ነጭ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፣ ከሱ ስር ጀሶ፣ ታች ቀይ የአሸዋ ድንጋይ። ጋይዱ አንድ ቦታ አስቁሞን የኖራው ድንጋይ ላይ "እዚህ ጋ ዳስሱ" አለ፣ ጣቴን ሳሳርፍ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ነገር፣ ትንሽ የባህር ቀንድ አውጣ የመሰለች ቅርፊት ድንጋይ ሆና ቀርታለች። ይሄ ሁሉ በዳይኖሰሮቹ ዘመን የባህር ወለል ነበር ሲለን አንዱ ተጓዥ "ታዲያ አሁን ባህር በር የለንም ስንል..." ብሎ ጀመረና ፖለቲካ ሊሆን ሲል ሁላችንም ተነሳን።

ውሃው ጋ ከረፋዱ 4 ሰዓት ደረስን። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ወቀሳዬ። ላይፍ ጃኬት ሲታደል ለኔ የደረሰው አንደኛው መቆለፊያው ተሰብሮ በሲባጎ የታሰረ ነው። ዋና የማልችል ሰው ነኝ፣ አየሁት፣ አየኝ፣ ጋይዱ ምንም ሳይከራከር የራሱን አውልቆ "እንቺ እታለም፣ ይሄን ልበሽ" ብሎ በሲባጎ የታሰረውን እሱ ለበሰው። ልጁን አመሰገንኩት፣ ግን ቆይ፣ ጋይዱስ ሰው አይደለም እንዴ? 3,500 ብር ሲባዛ በስምንት አንድ መቆለፊያ አይገዛም?

ስልጠናው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፣ እሱ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፣ እንደውም ከቀኑ ሁሉ የቀረልኝ ይሄ ነው። ልጁ አሸዋው ላይ በእንጨት እየሳለ ነው ያስረዳን። ውሃው ላይ የቪ ቅርጽ ካያችሁ ሹሉ ወዴት እንደሆነ እዩ አለ፣ ሹሉ ወደ ታች ወደ መውረጃው ከሆነ መሃሉ በር ነው ግቡበት፣ ሹሉ ወደ እናንተ ከሆነ ግን ስሩ ድንጋይ ተቀምጧል ሽሹ። ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ያለው ውሃ ወደ ኋላ ነው የሚዞረው፣ ማረፍ ከፈለጋችሁ እዛ ግቡ። ከወደቃችሁ በጀርባችሁ ተንጋለሉ፣ እግራችሁ ወደ መውረጃው ይቅደም፣ ለመቆም እንዳትሞክሩ፣ እግር ድንጋይ መሃል ከተቀረቀረ ውሃው ይደፋችኋል። ካያኩ በጎኑ ድንጋይ ሊገጭ ሲል ደግሞ ሰው በደመነፍስ ከድንጋዩ ይሸሻል፣ ያኔ ነው የሚገለበጠው፣ ወደ ድንጋዩ ዘንበል በሉ፣ እቀፉት። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን፣ በስመ አብ ብለን ገባን።

ካያኩ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው፣ ኋላ ያለው ይመራል። ኋላ ወንድሜ። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት እኔ ግራ ስል እሱ ቀኝ፣ እሱ ቅዘፊ ሲል እኔ ፎቶ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ያልተጣላንበትን ሁሉ እዛ ጨረስነው። ውሃው ራሱ ግን እንዴት ያምራል መሰላችሁ። ክረምት ላይ ከአውቶብስ የምናየው ያ ደለል የተሸከመ ቡኒ ነገር አይደለም፣ ጥር ላይ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ሁለቱም በኩል ግድግዳው ቀይ ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ድምጽ የለም፣ መቅዘፊያው ሲነሳ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነው የሚሰማው። ግራችን ሸዋ፣ ቀኛችን ጎጃም። ግሽ ዓባይ ሰከላ ላይ በጣሳ የምንቀዳው ጸበል ነው እኮ ይሄ፣ ጣናን አቋርጦ ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ እዚህ ሲደርስ እኛን ተሸክሞ ይሄዳል።

የወደቅነው ሦስተኛው ፈጣን ውሃ ላይ ነው። ድንጋዩን አየሁት፣ ጋይዱ "እቀፉት!" ሲል ሰማሁት፣ እኔ ግን ልክ አታድርጉ ያለውን አደረግኩ፣ ወደ ኋላ ሸሸሁ፣ ካያኩ ተገለበጠ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ አፌ ውስጥ አሸዋ ገባ፣ አንድ ሰከንድ ያህል የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ ጠፋኝ፣ ከዛ ጃኬቱ እንደ ሰው እጅ ብብቴ ስር ይዞ አወጣኝ። እግሬን አስቀድሜ ተንጋለልኩ፣ ፊሽካ ሰማሁ፣ ጋይዱ ደርሶ የጃኬቴን ትከሻ ጨምድዶ ወደ ዳር ጎተተኝ። ዳር ወጥቼ ሳስል መጀመሪያ ያየሁት የሱ ደረት ላይ ያለችውን ሲባጎ ነው፣ እርጥብ ሆና ላልታለች። ከዛ በኋላ ቀኑን ሙሉ አይኔ ከሷ ላይ አልተነቀለም።

አዞ አለ ወይ ለምትሉ፣ አለ። አንድ ብቻ አየን፣ ሩቅ የአሸዋ ደለል ላይ ግንድ መስሎ ተጋድሟል፣ አንዱ "አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" ብሎ ተረቱን ሳይጨርስ ግንዱ ተነስቶ ውሃ ውስጥ ገባ። ጸጥ አልን። ጋይዶቹ የተኛ ውሃ ላይ ማንም እንዲዋኝ አይፈቅዱም፣ ተጠጋግተን እንድንሄድ ያደርጋሉ፣ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ ነው የሚሆነው። በዚህ በኩል ጥንቁቅ ናቸው።

ምሳ። ትልቅ የሾላ ዛፍ ጥላ ስር አገልግል ተከፈተ፣ የምስር ፍትፍት፣ አዋዜ፣ ቅቅል እንቁላል፣ ቃሪያ። ጣፋጭ ነው፣ የሠራችው ሴትዮ እጇ ይባረክ፣ ግን በርበሬው ያንሰፈስፋል፣ የሚጠጣው ውሃ ደግሞ በሰው ሁለት ትናንሽ ሃይላንድ ብቻ ነው የተሰጠን። አንዱን ቁልቁለቱ ላይ ጨርሰነዋል! ሁለተኛው ለምሳ አልደረሰም። ወንድሜ "የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ለካ ይሄ ነው" አለ፣ ሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር፣ ያን ቀን አፋችን ደርቆ ማንም አልሳቀም። እንደገና ያዳነን ያው ልጅ ነው፣ ቦርሳው ውስጥ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ይዞ ነበር፣ የወንዙን ውሃ በነጠላዬ አጣርተን፣ ጠብ አድርጎበት፣ ግማሽ ሰዓት አፍጥጠን ጠበቅን። የበረኪና ሽታ አለው፣ ጠጣነው።

ያቺን ግማሽ ሰዓት ለማሳለፍ ልጁ ታሪክ አወራን። እ.ኤ.አ. በ1965 አርነ ሩቢን የሚባል ስዊድናዊ ከዚሁ ከአባይ ድልድይ ተነስቶ ብቻውን በካያክ ሱዳን ድረስ ወርዷል፣ በ1968 ደግሞ ጃንሆይ ፈቅደውላቸው በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የሚመሩ እንግሊዞች ትልቅ ዘመቻ አድርገው አንድ ሰው ሞቶባቸዋል። እኔ ትምህርት ቤት ስለ አባይ ስንት ነገር ስሸመድድ ይሄን የነገረኝ አስተማሪ የለም።

ከሰዓት በኋላ ያለው ክፍል ብዙም የሚወራ አይደለም፣ ነፋሱ ከታች ወደ ላይ ፊት ለፊት ይመታል፣ ካልቀዘፋችሁ ወደ ኋላ ትሄዳላችሁ፣ ክንዴ እስከ ሦስተኛው ቀን እንጀራ መቁረስ አቃተው። የፀሐይ ቅባት አልያዝኩም፣ የእጄ ጀርባ ተላጠ። ያለ ሙሉ እጅጌ ሸሚዝና ኮፍያ እንዳትሄዱ።

10 ሰዓት ተኩል ላይ ጠመዝማዛውን ዞር ስንል ድልድዮቹ ታዩ። ካሜራ ከቦርሳ እንዳይወጣ ተብለናል፣ ጠባቂዎች አሉ፣ ልጁ ወረቀቱን ይዞ ቀድሞ ወጣና አናገራቸው። ከታች ሆኖ ማየት ሌላ ነው። አሮጌው ዝቅ ብሎ፣ ጃፓኖች የሠሩት አዲሱ፣ 2000 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ የተመረቀው፣ 303 ሜትሩን ዘርግቶ ገመዶቹ ተወጥረው። ላዩ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሲያልፍ ድምጹ ውሃው ውስጥ ይሰማል።

እንግዲህ ሂዱ ወይስ ቅሩ ካላችሁኝ፣ ሂዱ፣ ግን ለዛ ልጅ ስትሉ እንጂ ለአዘጋጆቹ አይደለም። ወንዙን አያችሁ፣ አዞውን አያችሁ፣ እኛን ሊጥለን የነበረው ግን ሁለት ሃይላንድ ውሃና አንዲት የተሰበረች መቆለፊያ ናት። በሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ያዙ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሂዱ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ሙቀቱ አይቻልም ይላሉ፣ ክረምት ላይ ደግሞ አባይ ሞልቶ ማንም አይገባበትም። የተዘጋና ውሃ የማይፈራ ጫማ አድርጉ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ በእግር ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ላይፍ ጃኬቱ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠይቁ፣ ከተቻለም ፎቶውን አስልኩ።

እኔ ማግስቱን ደውዬ ስለ ሲባጎው ስነግራቸው ስልኩን ያነሳው ሰውዬ "እሱ የመጠባበቂያ ነው" አለኝ። የመጠባበቂያ ከሆነ ሰው ላይ ምን ይሠራል ብዬው "እሺ እህቴ፣ እናየዋለን" ብሎ ዘጋው። ወንድሜ ለኅዳር እንደገና ተመዝግቧል፣ ትናንት መርካቶ ለሚሄድ ጓደኛው ሁለት መቆለፊያ እንዲያመጣለት ብር ሰጥቶታል፣ አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለጋይዱ።